ሳህን ለብቻ

ሰው ሲያፈቅር እንዴት እንደሚያስጠላ እኔን ጠይቁኝ። እህቴ ኤርሚንያ የሌአንድሮን ደብዳቤዎች ከትራሷ ሥር ታኖራለች፤ ማንበቡ ሳያንሳት ታሸታቸዋለች። ልክ እንደ ውሻ። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ስለሆነ ሽታው ለእኔም ይደርሰኛል። መድኃኒት፣ የተቀቀለ አንሶላ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ነገር ይሸታል።

«የከተማ ሽታ ነው» ትለኛለች።

«ከተማ እንዲህ ከሸተተች ቄስ ይጠራላት» ስላት በክርኗ ጎሸመችኝ።

እኔ ካሲልዳ ነኝ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሄጃለሁ። ከዚያ አባቴ «ከፊደሉ ይልቅ ፍየሎቹ ይፈልጉሻል» ብሎ አስቀረኝ። ፍየሎቹ መቼ እንደነገሩት አላውቅም። ለናቫልኩዌርቮ ግን አራት ዓመት አያንስም፤ መንደራችን ሰላሳ ቤት ነው፣ ከዚያ በላይ ድንጋይና ቁራ ብቻ ነው ያለው።

የእህቴ ነገር እንዲህ ነው የጀመረው። ኤርሚንያ ሳላማንካ ከተማ ሁለት ዓመት በሰው ቤት አገልግላለች። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ልብስ የምታሰጣውም በጓሮ በኩል ባለው መስኮት። ፊት ለፊቷ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሌአንድሮ ይኖራል። አንድ ቀን የልብስ መቆንጠጫ ከእጇ አምልጦ ታች ወደቀ። እሱ ሦስት ፎቅ ወርዶ፣ ሦስት ፎቅ ወጥቶ አመጣላት። በማግሥቱም ወደቀ። በሳምንቱ ኤርሚንያ መቆንጠጫ እንደ ዘር ትበትን ጀመር፤ እመቤቷም «ዘንድሮ ነፋሱ በርትቷል» ትላለች አሉ። እንግዲህ ፍቅር የሚሉት ይህንን ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ሌአንድሮ ከመስኮቱ ጠፋ። ከከተማውም ጠፋ። እህቴም ወደ ቤት ተመለሰች። አሥራ አራት ወር ሙሉ የመጣው ደብዳቤ ብቻ ነው፦ «ለአባቴ ሥራ ሩቅ ተራራ አገር ነኝ፣ ጠብቂኝ»። ጠበቀች። ከመንደራችን ሁለት ሰው ለጋብቻ ጠየቃት፤ ሁለቱንም መለሰች። በመጨረሻ «መጥቼ አባትሽን ልጠይቅ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ አባቴ ኤውሎሂዮ ጢሙን አሸና፦

«አማች ልሁን የሚል በዕርድ ሳምንት ይምጣ» አለ። «ሰው በክት ልብሱ አይታወቅም። ክርኑ ድረስ ደም ሲነካ ነው የሚታወቀው።»

ማክሰኞ ዕለት መጣ። አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ነው የሚያወርደው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ያልሆነው ደግሞ የላም እበት። ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ጫማውን እንደ ድመት እያነሳ እያስቀመጠ ሲወጣ አየሁትና ገና ከሩቁ አቅለሸለሸኝ። ቀጭን ነው። ጉንጩ ላይ ቅላት አለ፣ አይኑ ትልልቅ። ሴቶቹ ሁሉ በመጋረጃ ቀዳዳ አፍጥጠዋል። ኤርሚንያ መሐረቧ ከራሷ እስኪወድቅ ሮጠች፤ ደረሰችና ፊቷን ቀና አደረገች፤ እኔ ቀድሜ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ የሚሆነውን አውቃለሁና።

ምንም አልሆነም።

ስገልጥ፣ ሌአንድሮ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አፉን በነጭ መሐረብ ሸፍኗል።

«እንዴት ነሽ?» አላት።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ «እንዴት ነሽ»! እኔ አህያችንን እንኳ ከዚህ የተሻለ ሰላም እላታለሁ። ኤርሚንያ ቀና ያለ ፊቷን የት እንደምታደርገው አጥታ ቆመች። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ የእሱ ዓይን መሬት ላይ።

በማግሥቱ ጠዋት አሳማው ታረደ። የእኔ ሥራ ደሙን ማማሰል ነው። ትኩሱ ደም እንዳይረጋ ክንድሽን ገልጠሽ እስከ ክርንሽ ትከቺና ታዞሪያለሽ፤ የሚረጋው እንደ ክር ጣትሽ ላይ ይጠመጠማል፣ ያንን እየመዘዝሽ ለውሻ ትጥያለሽ። አምስት ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ አምስቱንም ዓመት በአፍንጫዬ ሳልተነፍስ። አባቴ ሌአንድሮን ጅራቱን አስያዘው። ይህ ፈተና ነው፤ ጅራት የሚይዝ ሰው የሚቆመው የት እንደሆነ አስቡት። አሳማው እንደ ልማዱ የመጨረሻ ስጦታውን ጫማው ላይ አራገፈለት። ሌአንድሮ ጅራቱን አልለቀቀም። አባቴ በጎን አየውና «እህ» አለ። «እህ» ከአባቴ አፍ ብዙ ነው።

ኤርሚንያም ሰማች። ያን ጊዜ ከምድጃው ወዲያ ሆና ሳቀች፤ ሌአንድሮም ቀና ብሎ አያት፤ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ግን አያት። እኔ በደሙ መሐል ሆኜ አይቻለሁ።

ሁሉ ነገር የተበላሸው ምሳ ላይ ነው።

በዕርድ ቀን የምንበላው ከአንድ መጥበሻ ነው። በስብና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ከላዩ ጉበት። መጥበሻው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ ማንኪያውን ይዞ ዙሪያውን ይቆማል፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፤ ቀጥሎ ያለው ይገባል። በመንደራችን ለብቻው በሳህን የሚበላ ሁለት ነው፣ ውሻና ጳጳስ።

አጎቴ ፋውስቲኖ አፍንጫው ጫፍ ላይ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የምትኖር ጠብታ አለችው። ሌላ ቤት የላትም። እሱ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ጠብታዋም ትረዝማለች፣ ቀና ሲል ታጥራለች። እኔ መጥበሻውን ትቼ እሷን ነው የማየው። ያን ቀን ረዘመች፣ ረዘመች... ወደቀች። ጉበቱ ላይ። ሁላችንም አየን። ማን ምን ይላል? አጎቴ ነው።

ቀጥሎ ተራው የሌአንድሮ ነበር። አልገባም።

«ይቅርታ እትዬ ፓስኩዋላ» አላት እናቴን፣ በመሐረቡ ውስጥ። «ሳህን ይገኝ ይሆን? ለብቻዬ?»

ማንኪያዎች ሁሉ አየር ላይ ቀሩ።

«ጳጳስ ነህ እንዴ?» አለው አባቴ።

«ውሻም አይመስልም» አለ አጎቴ ፋውስቲኖ።

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ ነበር፣ አገጭ ላይ የሚቀር። እናቴ አልሳቀችም። ገብታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሳህን አወረደች፤ የሰርጓ ሳህን ነው፣ በልቶበት የሚያውቅ ሰው የለም። ሰጠችው። እሱ እንጨት ቁልሉ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን በላ። ከዚያ ይባስ ብሎ ከምድጃው የፈላ ውሃ ለምኖ ሳህኑንና ማንኪያውን ራሱ አጠበ። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየው ፊቷ እንደ ዐመድ ሆነ።

«የእኔን ሳህን» አለች ቀስ ብላ። «ሦስቴ።»

እውነቱን ልናገር? እኔም ያን ጉበት ሳይ ሳህን አምሮኝ ነበር። ግን አልጠየቅኩም! ሰው የሚያስጠላውን ይውጣል እንጂ ሰው ፊት ይተፋል? የሌአንድሮ ነጭ መሐረብ ከአጎቴ አፍንጫ ይልቅ አስጠላኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔና ኤርሚንያ አንጀት ልናጥብ ወንዝ ወረድን። ስለ ሥራው ብዙ አልልም፤ ምናልባት እየበላችሁ ታነቡ ይሆናል። አንጀቱ ይገለበጣል፣ ያለው ነገር ይወጣል፣ በጨውና በኮምጣጤ ይታሻል፣ እንደገና ይገለበጣል። ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ሠርቷል። የኤርሚንያ እጅ ቀይ ሥር መስሏል።

«እጄን አየው» አለች ድንገት።

«ማን?»

«ትናንት መንገዱ ላይ ስደርስበት እጄን ዘረጋሁለት። አይቶት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።» አንጀቱን እንደ ገመድ ጠመዘዘችው። «ካሲልዳ፣ ስለ ኩባያው ነግሬሽ አላውቅም።»

«የምን ኩባያ?»

«ሳላማንካ የምሠራበት ቤት ለእኔ የተለየ ኩባያ ነበር። ጠርዙ ላይ በሞረድ ምልክት አድርገውበታል፤ ጣቴ እስካሁን ያውቀዋል። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከውሻው ሳህን አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ልጃቸው አንድ ቀን ተሳስታ በእሱ ውሃ ጠጣች። እናቷ አፏን በሳሙና አጠበቻት። እኔ እዚያው ቆሜ።»

ኮምጣጤውን አቀረብኩላት።

«ሁለት ዓመት በዚያ ጠጣሁ። ሌአንድሮ መቆንጠጫውን ይዞ ሲወጣ እጄ ላይ ያስቀምጥ ነበር፣ ጣቱ ጣቴን እየነካ፤ እና ለራሴ፣ ይኼ ሰው የኩባያ ሰው አይደለም አልኩ። አሥራ አራት ወር የጠበቅኩት ለዚያ ነው። መልኩን አይደለም፣ ገንዘቡን አይደለም።» ቀና አለች፤ አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ዛሬ በአባቴ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳህን ጠየቀ። ነገ በአውቶቡሱ ይሂድ። ከእንግዲህ ስሙን እንዳታነሺብኝ።»

አንጀቱን ገለበጠችው። እኔም ገለበጥኩ። ውሃው ቢጫ ሆኖ ወረደ፤ ሰው ሁሉ፣ ከተማው ሁሉ፣ ዓለሙ ሁሉ ከዚያ ውሃ ጋር ቢሄድ አልኩ።

ሲመሽ አሳማው ይኖርበት ከነበረው በረት ጋ አገኘኝ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«ካሲልዳ፣ ይህን ለኤርሚንያ ስጪልኝ።» ደብዳቤ ነው፣ ያው ሽታ። «አንብባ ቆይ ካለችኝ እቆያለሁ። ዝም ካለች ነገ በእኩለ ቀኑ አውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛም አላስቸግራትም።»

«ራስህ አትሰጣትም? ወይስ እጇ ያቆሽሽሃል?»

በጥፊ የመታሁት ያህል ወደ ኋላ አለ። አፉን ከፈተ፣ መሐረቡን አነሳ፣ ሄደ።

ደብዳቤውን ሽርጤ ኪስ ውስጥ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የአንጀት ማሰሪያ ሲባጎ መሐል ወተፍኩት። አልሰጠሁም። ስሙን አታንሺብኝ ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ዕለት ታዛዥ ሆኜ አላውቅም።

ጠዋት ዕንቁላል ልሰበስብ ዶሮ ቤት ስገባ ግን ኪሴ ያሳክከኝ ጀመር። የእኔ አይደለም፣ አውቃለሁ። ከፈትኩት። ጽሑፉ ትንንሽ ነው፤ አራት ዓመት ትምህርት በዝግታ ነው የሚያስኬደው፣ ዶሮዎቹም ጫማዬን ይጠቀጥቃሉ።

«ኤርሚንያ፣ ዋሽቼሻለሁ» ይላል። «አባቴ ሥራ አልላከኝም። አሥራ አራቱን ወር የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ ነው የተኛሁት። ደም ተፍቻለሁ። ከጎኔ የተኙ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ለአንቺ ስጽፍ ወረቀቱን በመድኃኒት ጢስ አጥነው ነው የሚልኩልኝ። ሐኪሞቹ ባለፈው ወር ድነሃል ብለው ፈርመው ሰጡኝ። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤ እዞራለሁ፣ እኔ ግን አላምነውም። እናቴም አታምነውም፤ እስካሁን ሹካዬን ለብቻ ትቀቅላለች፣ ከክፍሌ ስወጣ የበሩን እጀታ ትወለውላለች። መንገዱ ላይ ፊትሽን ቀና ስታደርጊ የፈራሁት ትንፋሼን ነው። ዛሬ በአባትሽ መጥበሻ ዙሪያ ቆማችሁ ስትበሉ፣ እንደዚያ ርቦኝ አያውቅም። ግን ማንኪያዬን እናንተ የምትበሉበት ውስጥ እንዴት እከታለሁ? እኔ የምጠየፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ አብሬው ነኝ።»

ዕንቁላሎቹ ከእጄ ወደቁ።

በመንደራችን ለብቻው በሳህን የሚበላ ሁለት ነው ብያችሁ ነበር። ሦስት ነው። ሦስተኛዋን ረስቻት ነበር፤ ሁላችንም ረስተናት ነበር፣ መርሳቱ ስለሚመች። ጎረቤታችን ኔሜስያ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። ማሳል ስትጀምር ሳህን ለዩላት፤ ዳቦውን ደጃፏ ላይ በረዥም እንጨት ነበር የሚገፉላት። መስኮት ላይ ሆና «ካሲልዳ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለችኝ አንድ ቀን። አፍንጫዬን ይዤ ሮጥኩ። ምን ልታሳየኝ እንደነበር አላውቅም። ስትሞት ፍራሿን አውድማው ላይ አቃጠሉ፣ ሳህኗን ግድግዳ ላይ ሰበሩ፤ ስባሪውን ለመርገጥ እንኳ የደፈረ ሰው አልነበረም።

ዶሮ ቤቱ ውስጥ ቁጭ አልኩ፣ ኩሱ ላይ። ከዚያ በላይ የሚያስጠላ ነገር በዙሪያዬ ፈለግኩ፤ ከራሴ በቀር አጣሁ።

ፀሐይዋ አናት ልትደርስ ትንሽ ነበር የቀራት። ሮጥኩ።

ኤርሚንያ ጓዳ ውስጥ ለቋሊማ የተከተፈውን ሥጋ በቀይ በርበሬ ታሻለች፤ ሁለት እጇ እስከ አንጓዋ ገንዳው ውስጥ ነው።

«ደብዳቤ» አልኳት።

«ምድጃው ያውልሽ።»

«አንብቢው። እባክሽ።»

«እጄ ቆሽሿል።»

«እኔ አነብልሻለሁ።» መልስ ሳልጠብቅ ጀመርኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቃል እየዘለልኩ፣ እየተመለስኩ። «ደም ተፍቻለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ እጇ ሥጋው ውስጥ ቆመ። «እንደዚያ ርቦኝ አያውቅም» የሚለው ጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«መቼ ነው የሰጠሽ?»

«ትናንት። ሲመሽ።»

እጇን ከገንዳው አወጣችና በጥፊ አጮለችኝ። አምስት ቀይ ጣት ጉንጬ ላይ ቀረ፣ በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ይገባኛል። ከዚያ ግንባሬን ስማኝ ወጣች።

ግቢው ውስጥ የሁለተኛው ቀን መጥበሻ ወጥቷል፤ ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ሌአንድሮ ሻንጣውን ይዞ አጥሩ በር ጋ ነው፣ እናቴን ሊያመሰግን ባርኔጣውን አውልቆ። እናቴ ቂሟን ብትይዝም እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም ብላ በዚያው በሰማያዊው ሳህን ቁርስ አቅርባለት ነበር። ግማሹን ትቶታል። ሳህኑ እንጨት ቁልሉ ላይ ነው፤ ስቡ ረግቶ እንደ ሻማ ነጥቷል፣ ማንኪያው መሐሉ ላይ ተተክሏል።

ኤርሚንያ በቀይ እጇ በሰው መሐል አልፋ ወደ ሳህኑ ሄደች። ማንኪያውን ነቀለች። አልጠረገችውም። የረጋውን ስብ ከነፍርፋሪው ዛቀችና ጎረሰች።

«ኤርሚንያ፣ ተዪ!» ሌአንድሮ ሻንጣውን ጣለ። ድምፁ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «ተዪ፣ በእግዚአብሔር! አላነበብሽም?»

«ተነበበልኝ።» ሌላ ዛቀች። «ቀዝቅዟል፣ ጨውም አንሶታል።»

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ አባቴ።

ዞረች። ሁሉንም አየቻቸው፣ አንድ በአንድ።

«በሳንባ ታሞ ነበር አባዬ። አሁን ድኗል፣ የሐኪም ፊርማ ይዟል። ሳህን የጠየቀው እኛን ተጠይፎ አይደለም፤ ለእኛ ፈርቶ ነው። ፊቱን ያዞረብኝም ለእኔ ፈርቶ ነው። እኔም ትናንት ቀኑን ሙሉ የጠላሁት በዚህ ነው!»

የሳንባ በሽታ። ያ ቃል በግቢያችን ከኔሜስያ ወዲህ ተጠርቶ አያውቅም። ክቡ በሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልክ እንደ ልማዳችን፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ብቻ ወደ ፊት የሚመጣ ሰው የለም። መጥበሻው መሐል ላይ ብቻውን ይጨሳል። የእናቴ እጅ አፏ ላይ ነው። ሌአንድሮ ያንን እርምጃ አየ፤ እንዲህ ዓይነቱን እርምጃ ቀድሞም እንደሚያውቀው ከፊቱ ታየኝ። ቀስ ብሎ ለሻንጣው ጎንበስ አለ።

«አትንካው» አለችው ኤርሚንያ።

የእሱን ማንኪያ ይዛ ክቡ ውስጥ ገባች። መጥበሻው ውስጥ ከተተችው፣ እስከ እጀታው። ትኩሱን ዛቀች፣ በሌላው እጇ ከሥር ደግፋ ግቢውን አቋርጣ ወደ እሱ ሄደች፤ በርበሬና ስብ በጣቶቿ መሐል ይንጠባጠባል።

«አፍህን ክፈት።»

«አልችልም።»

«ሁለት ዓመት በምልክት ኩባያ ጠጥቻለሁ፣ ሌአንድሮ። አንድ ነገር ምዬ ነው የመጣሁት፤ እኔ ባለሁበት ቤት ለብቻው የሚበላ ሰው አይኖርም። አፍህን ክፈት፣ እጄ ተቃጠለ።»

አየችው። አያት። ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልመለሰም። መሐረቡ ከእጁ ወድቆ እበቱ ላይ አረፈ፤ እንደ ወፍ ጫጩት አፉን ከፈተ፤ አጎረሰችው። ስቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ እንባው ይወርዳል፣ ንፍጡም ይወርዳል። እሷ በቀይ እጇ ልትጠርግለት ብላ ፊቱን በሙሉ በርበሬ ቀባችው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስጠላ ነገር አይቼ አላውቅም። ዓይኔን ግን መንቀል አቃተኝ።

ከታች፣ ከድልድዩ፣ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ።

ክቡ እንደቆመ ነው። አባቴ ማንኪያውን አጥብቆ ይዟል፣ መጥበሻውን ያያል፣ ልጁን ያያል። ያኔ አጎቴ ፋውስቲኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ» አለ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ መጥበሻ ውስጥ ሳንጠባጥብ እንደምታዩ የማላውቅ መስሏችሁ ነበር እንዴ? አይቻለሁ፣ ማየታችሁን። ያቺ ካሲልዳ የምትባል ወሬኛማ ከምግቡ ይልቅ አፍንጫዬን ነው የምትጠብቀው።» ጆሮዬ ጋለ። «ማንም ሳህን አልሰጠኝም። አንድ ቀን እንኳ። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ከዚህ መጥበሻ ባልበላ ኖሮ እኔም ተከትያት ነበር።»

አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ዛቀ። ጠብታዋም አብራ ገባች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።

እናቴ ቀጠለች፤ ስትጎርስ ዓይኗ የኔሜስያ ቤት መስኮት ላይ ነበር። ከዚያ አባቴ። ረዥም ጊዜ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ፓስኩዋላ» አለ፣ «ያን ሳህንሽን ግድግዳው ላይ መልሺው። ጳጳስ አልመጣም።»

ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር።

መጥበሻው ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁሉንም አይቻለሁ፣ አንድ በአንድ። ሰባት ዓመት ዘግይቼም ቢሆን፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ የሚል ድምፅ ከጀርባዬ የሰማሁ መሰለኝ፤ በዚህኛው ጊዜ አፍንጫዬን አልያዝኩም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። የአጎቴ ማንኪያ ከነካው፣ የሌአንድሮም ማንኪያ ከነካው ቦታ፣ ሞልቼ ዛቅኩ። ዋጥኩት።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለስ አልኩና ቦታውን ለቀቅኩ፤ ከእኔ ቀጥሎ ተራው የሌአንድሮ ነበር። ማንኪያውን ከኤርሚንያ እጅ ወስዶ፣ በርበሬ በተቀባ ፊቱ፣ እግሩን አነሳ።

የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። እስካሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ፍርፋሪው ነው እላለሁ።